ሎርድ እና የእንጀራ አባቴ

አስጎብኚ ነኝ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ እንግዳ አመላልሳለሁ። ባለፈው ሳምንት ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎቹን እያስረዳሁ «አወር ሎርድ» ስል አንድ ሽማግሌ እንግሊዛዊ ፈገግ አሉ። ስንወጣ ቡናው ጥላ ሥር ያዙኝ።

«ሎርድ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ጌታ» አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

«የዳቦ ዘበኛ» አሉኝ።

የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። ለካ የምራቸውን ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ህላፍ» ዳቦ ነው፣ የዛሬው «ሎፍ»። «ዌርድ» ደግሞ ጠባቂ። ሁለቱ ተጋጥመው «ህላፎርድ» ሆኑ። ሰው አፍ ውስጥ ሲላመጥ ኖሮ «ሎርድ» ቀረ። ሌዲም ከዚያው ጓዳ የወጣች ናት፦ ዳቦ አቡኪ። (የኛዋ እመቤት ሳትሻል አትቀርም፤ በግዕዝ የቤት እናት ናት።) በጌታው ቤት የሚያድረው አሽከርስ? «ዳቦ በላ»!

የኛ ማዕረግ የጦር ሜዳ ሽታ አለው። ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ፣ ፊታውራሪ ከፊት። ደርግ በ1967 ሻራቸው እንጂ። የእንግሊዞቹም ዱክ ቢሆን ከላቲን «ዱክስ»፣ ከመሪ፣ የመጣ ነው። ማርክዊስ የሚሉትም የጠረፍ ገዥ ነበር። ሎርድ ብቻ ከሞሰብ ዳር ተነሣ።

ስንመለስ ሐይቁ ላይ የእንጀራ አባቴ ትዝ አለኝ። ልጅ ሆኜ ይህን ቃል አልወደውም ነበር። የሰፈር ልጆች ሲጣሉኝ የሚወረውሩት ድንጋይ እሱ ነበር። እኔም ጋሼ እንጂ አባባ ብዬው አላውቅም። ጋሼ ሌሊት በደንገል ታንኳ ወጥቶ ዓሣ አጥምዶ፣ ሸጦ፣ ጤፍ ይዞ ይገባል። ራት ሲቀርብ እጁን ከመስደዱ በፊት የሞሰቡን ክዳን ከፈት አድርጎ ያያል። «ለልጁ ቀርቷል?» ይላል። እኔ እያለሁ፣ ፊቱ ተቀምጬ!

ማታ ቤት ስደርስ እናቴ ክንዷ ድረስ ሊጥ ውስጥ ነበረች።

«ሌዲ!» አልኳት።

«ደሞ ምንድን ነው እሱ?»

«አቡኪ ማለት ነው፣ በእንግሊዝኛ።»

«ይሄን ለማወቅ ነው ፈረንጅ ስታጓጉዝ የዋልከው?» አለችና ወደ ውስጥ ተጣራች። «ጋሼህ ተኝቷል፣ ቀስቅሰው። ራት ይብላ።»