ወንበር ገልብጬ ማየት ከጀመርኩ ሰባት ወር

ባለፈው ቅዳሜ የሦስተኛውን ወንበር መቀመጫ በገመድ ሸምኜ ጨረስኩ። አራተኛው ገና ባዶውን ቆሟል። ለምግብ ጠረጴዛቸው የ1950ዎቹንና የ60ዎቹን የእንጨት ወንበር የሚፈልጉ ወዳጆች ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ እስካሁን የተማርኩትን ልጻፍላችሁ ብዬ ተነሳሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሜሪላንድ ወዳለው ቤታችን ስንገባ ጠረጴዛ ነበረን፣ ወንበር ግን አልነበረንም። የዴንማርክ አሮጌ ወንበሮችን ፎቶ ሳይ ልቤ ሄደ። እግራቸው ወደ ታች እየቀጠነ ይወርዳል። ጀርባቸው ወገብን ደገፍ አድርጎ ይታጠፋል። ጌጥ የለባቸውም፤ ውበታቸው ያለው ቅርጻቸው ላይ ነው። ስድስት ወንበር በ180 ዶላር የሚል ማስታወቂያ አገኘሁ። ሻጩ «ቲክ ነው፣ ዴንማርክ የተሠራ ነው» አለኝ። ቲክ በጣም የሚፈለግ ጠንካራ እንጨት ነው። ፎቶውን አምኜ ገዛሁ።

በሦስተኛው ሳምንት አጎቴ ሊጠይቁን መጡ። ሁለተኛው ቡና እየተቀዳ ሳለ የተቀመጡበት ወንበር ጧ አለ። የኋላ እግሩ ከመቀመጫው ተላቀቀ። ፈጥኜ ክንዳቸውን ያዝኩ፤ እግዚአብሔር ይመስገን አልወደቁም። «ልጄ፣ ሌላ ሰው ሳይቀመጥበት ከዚህ አንሳው» አሉኝ። በጣም ደነገጥኩ። ማታ ወንበሩን ገልብጬ በባትሪ አየሁት። የላላው መገጣጠሚያ ላይ አንዱ ሁለት ምስማር መትቶበታል። ምስማሩ እንጨቱን ከውስጥ ሰንጥቆታል። ከሥሩ በቢላ ጫፍ ትንሽ ፋቅ ሳደርገው ቡናማው ቀለም ለቀቀና ነጣ ያለ እንጨት ወጣ። ቢች የሚባል ሌላ እንጨት ነው፤ ቲክ መስሎ እንዲታይ ቀለም ተቀብቷል። ቢች በራሱ መጥፎ እንጨት አይደለም። የተሸጠልኝ ግን በሌላ ስም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ወንበር መጀመሪያ የማየው ከሥሩ ነው።

ልጅ ሆኜ ቤታችን የጅማ በርጩማ ነበር። ሦስት እግሩም መቀመጫውም ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ ነው። መገጣጠሚያ የለውም፤ ስለዚህ የሚላላ ነገር የለውም። የዴንማርኩ ወንበር የዚህ ተቃራኒ ነው። ቀጫጭን እንጨቶች ተገጣጥመው ነው ሰው የሚሸከሙት። የአንዱ እንጨት ምላስ በሌላው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፣ በኮላ ይያዛል። ሰው ወደ ኋላ ደገፍ ባለ ቁጥር ጭነቱ በሙሉ የሚያርፈው የኋላ እግርና መቀመጫው በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ከስድሳ ዓመት በኋላ ኮላው ደርቆ ይፈረካከሳል። ወንበሩ ቀድሞ የሚላላውም እዚያው ነው።

የምፈትሸው እንዲህ ነው። ወንበሩ ምንጣፍ ላይ ከቆመ ወደ ሰድር ወይም ሲሚንቶ አወጣዋለሁ፤ ምንጣፍ የእግርን መወላገድ ይደብቃል። አንድ እጄን መቀመጫው ላይ፣ አንዱን ጀርባው ላይ አድርጌ ወደፊት ወደኋላ እገፋዋለሁ። ዓይኔን ከኋላ እግሩ መገጣጠሚያ ላይ አልነቅልም። ስገፋ መስመሩ ከፈት፣ ከደን የሚል ከሆነ ኮላው ሞቷል። ይሄ ግን አያስፈራም። አላቆ፣ አሮጌውን ኮላ ፍቆ፣ እንደገና አጣብቆ ማሰር ይቻላል። አሮጌው ኮላ ሳይጸዳ አዲስ ብታፈሱበት አይይዝም፤ ይሄን ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነው ያወቅኩት። የሚያስፈራው የተሰነጠቀ እግር ነው። ምስማር ወይም ብሎን የተመታበት መገጣጠሚያም ያስፈራል። እንዲህ ያለውን ወንበር አሁን በነጻም አልወስድም። ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሉና ከሥራቸው ትኩስ የእንጨት ዱቄት ከረገፈም ነቀዙ ገና በሕይወት አለ ማለት ነው። ቤት አይግባ።

እንጨቱን ለመለየት ዓይን ብቻ አይበቃም። ቲክ ሲነካ ቅባት ቅባት ይላል፣ ሲፋቅ ደግሞ ቆዳ ቆዳ ይሸታል። ጀርባው ወጥ እንጨት ይሁን ወይም ኮምፔንሳቶ ላይ የተለጠፈ ስስ እንጨት መሆኑን ለማወቅ ጠርዙን እዩ። የላይኛው የእንጨት መስመር ጠርዙን ዞሮ ከቀጠለ ወጥ ነው። ስስ ልጣፍ ከሆነ የብርጭቆ ወረቀት አታስጠጉት። ጥቂት ብትፈትጉት ያልቃል።

ስሞቹን ማወቅ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ስም ተከትላችሁ አትግዙ። ዴንማርካዊው ሃንስ ቬግነር በ1949 የነደፈው ክብ ወንበር በ1960 ኬኔዲና ኒክሰን በቴሌቪዥን ሲከራከሩ ስለታየ ዓለም አወቀው። ዋጋው ከእኔ ኪስ ጋር አይገናኝም። እኔን የሚማርከኝ የሌላው ዴንማርካዊ ነዳፊ የቦርገ ሞገንሰን ጄ39 የሚባለው ወንበር ነው። በ1947 ለዴንማርክ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር የተነደፈ ሲሆን ተራ ሰው ገዝቶ ቤቱ እንዲያስገባው ነው የታሰበው። የአሜሪካኖቹ የቻርልስና የሬይ ኢምስ የታጠፈ ኮምፔንሳቶ ወንበር ከወደዳችሁ ደግሞ፣ ከጀርባው ኋላ የተጣበቁትን የጎማ ክቦች ፈትሹ። ጎማው ሲደርቅ ጀርባው ድንገት ይላቀቃል።

ከ1959 ጀምሮ የዴንማርክ የቤት ዕቃ አምራቾች የጥራት ቁጥጥር ስለነበራቸው ከሥሩ ትንሽ ክብ ምልክት ልታገኙ ትችላላችሁ። ደስ ይላል። ምልክት የሌለው ሁሉ ግን ሐሰት አይደለም፤ ምልክቱ በስድሳ ዓመት ውስጥ ሊረግፍ ይችላል። ለእኔ ከምልክቱ ይልቅ መገጣጠሚያው ይመሰክራል።

ሜትርም ያዙ። የእኔ ጠረጴዛ ከፍታው 73 ሳንቲ ሜትር ነው። የወንበሩ መቀመጫ ከ43 እስከ 46 ሲሆን ይመቻል። ክንድ ያለው ከሆነ ክንዱ ከጠረጴዛው ሥር መግባቱን ለኩ። ከሁሉም በላይ ቁጭ በሉበት፣ ለአንድ ደቂቃ ሳይሆን ለሩብ ሰዓት። እኛ ቤት ሰው ሦስቱንም ቡና ሳይጠጣ አይነሳም። ሩብ ሰዓት ያልተመቸ ወንበር ሁለት ሰዓት አይችልም።

አራቱን ወንበሮቼን ያገኘሁት እስቴት ሴል ላይ ነው። ባለቤቱ ሲያርፉ ወይም ወደ ትንሽ ቤት ሲዛወሩ ያለው ዕቃ በሙሉ እዚያው ቤት ውስጥ ይሸጣል። የዴንማርካዊው የኒልስ ኦቶ ሞለር ሞዴል 71 ናቸው፤ ንድፉ የ1951 ነው። መቀመጫቸው ተበጣጥሶ ተንጠልጥሏል። ሰው ሁሉ አይቶ ያልፋቸዋል። ገለበጥኳቸው፣ ገፋኋቸው፤ አንዱም አልተነቃነቀም። 400 ዶላር ከፍዬ ወሰድኩ። የተበጠሰ ገመድ ይተካል፣ ጤነኛ መገጣጠሚያ ግን ብርቅ ነው።

ገመዱ ከወረቀት የተፈተለ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የመቀመጫ ሣር ሲጠፋ ዴንማርኮች በምትኩ የያዙት ነው። ወረቀት ሲባል ደካማ እንዳይመስላችሁ፤ በደንብ ከተያዘ ሰው አርጅቶ እሱ ይቆያል። ከፍሬሙ ውስጠኛ ጎን እንደ ኤል ፊደል የታጠፉ ምስማሮች ተደርድረዋል፤ ገመዱ እነሱ ላይ እየተንጠለጠለ ይዞራል። አሮጌውን ገመድ ስትቆርጡ ምስማሮቹን አትንቀሉ፤ እነዚያው ያገለግላሉ። እኔ ከመጀመሪያው ወንበር አሥራ አንድ ነቅዬ መልሼ ስመታቸው አንድ ሙሉ ቀን ሄደብኝ።

መጀመሪያ ድሩ ከፊት ወደ ኋላ ሁለት ሁለት ሆኖ ይወጠራል፣ ከዚያ ማጉ ከጎን ወደ ጎን አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያለ ይገባል። ገመዱን ለጥቂት ሰከንድ ውኃ ነከር አድርጋችሁ አውጡት፤ ይለሰልሳል፣ ሲደርቅም ይጠብቃል። ዘፍዝፋችሁ ግን አትተዉት፣ ይፈታል። አምስት ረድፍ በገባ ቁጥር በእንጨት ቁራጭ እየመታሁ ወደፊት አጠጋዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ጓንት አላደረግኩም ነበር፤ ሌባ ጣቴ ቆስሎ ሳምንት አረፍኩ። የመጀመሪያው ወንበር አራት ቅዳሜ ወሰደብኝ፣ ሦስተኛው ሁለት። የመጀመሪያው መሃሉ ትንሽ ረግቧል። እፈታዋለሁ።

እንጨቱን በአኳራጅ በራሰ ጨርቅ ጠርጌ፣ አድርቄ፣ ስስ ዘይት ቀባሁት። አንድ ነገር አደራ፦ የተልባ ዘይት ወይም የቲክ ዘይት የነካ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቅርጫት ውስጥ አትጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ይሞቃል፤ የተከመረ ጨርቅ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። እኔ ውጭ አጥሩ ላይ ዘርግቼ አደርቀዋለሁ።

ዕቃ ጭነን ወደ ሀገር ቤት እንልካለን የምትሉ ደግሞ፣ የብራዚል ሮዝውድ ወንበር ከመግዛታችሁ በፊት አስቡበት። ዛፉ ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተጠበቀ ስለሆነ ያለ ፈቃድ ወረቀት ድንበር አይሻገርም። ቲክና ኦክ ይሄ ጣጣ የለባቸውም።

አሁን አራተኛው ወንበር ሳሎኑ ጥግ ቆሟል። ምስማሮቹን ትናንት ማታ ቆጠርኳቸው፤ ከኋላ በኩል ሁለት ይጎድላሉ። አጎቴ ለፋሲካ እንደሚመጡ ነግረውናል። እስከዚያ ድሩን ወጥሬ ማጉን ከጀመርኩ ይበቃኛል፤ እሳቸው የሚቀመጡት ሦስተኛው ላይ ነው።