የቢጫዋ ጊታር ዘፈን፦ የልምምዴ ወሬ

በጊታር ከኤ ማይነር ወደ ዲ ማይነር ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ሲሻገሩ ጣታቸው ለሚተሳሰርባቸው ጀማሪዎች አንድ የሩሲያ ዘፈን ልጠቁም። የኦሌግ ሚትያዬቭ «ካክ ዝዶሮቮ» («እንዴት ደስ ይላል») ይባላል፤ ብዙ ሰው ግን የቢጫ ጊታርን ጎባጣ ወገብ በሚያነሳው የመጀመሪያ ስንኙ ነው የሚያውቀው። ከሰሞኑ ልምምዴ ሁሉ እሱ ሆኗል። በደርግ ዘመን ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት ተልከው የነበሩ የሰፈራችን አዛውንት ሩሲያኛውን ያነብቡልኛል፤ ከክሩ ጋር የምታገለው እኔ ነኝ።

ዘፈኑ ከባርዶች ወገን ነው። ባርዶቹ ግጥሙንም ዜማውንም ራሳቸው ደርሰው በአንድ ጊታር የሚያንጎራጉሩ ናቸው፤ ሥራቸው በሶቪየት ዘመን ከቴፕ ወደ ቴፕ እየተቀዳ፣ በደብተር እየተገለበጠ፣ በየጫካው እሳት ዳር ይዛመት ነበር። ሚትያዬቭ በ1979 እ.ኤ.አ. በኡራል፣ ሚያስ ከተማ አጠገብ በሚካሄደው የኢልመን ፌስቲቫል ላይ ሲዘፍነው የ23 ዓመት ወጣት፣ የቼልያቢንስክ የአካል ማጎልመሻ ተቋም ተማሪ ነበር። ከዚያ በኋላ ዘፈኑ የባርዶች መዝሙር ሆነ፤ እንዲሆን ያወጀ አካል ግን የለም።

እንዴት ሆነ? እኔ መልሱን ያገኘሁት በግጥሙ አሠራር ነው። ዘፈኑ ራሱን የቻለ አዝማች የለውም። ሦስት አንጓዎች አሉት፤ ሦስቱም የሚያበቁት «ዛሬ ሁላችን እዚህ መሰባሰባችን እንዴት ደስ ይላል» በሚል በአንድ ስንኝ ነው። የዚህ ስንኝ ማሰሪያ «ሶብራሊስ» («ተሰባሰብን») ነው። አዛውንቱ የየአንጓውን ሁለተኛ ስንኝ መጨረሻ ነጥለው ሲያነቡልኝ ቤት አመታቱ ወለል ብሎ ታየኝ፦ «ቪስ»፣ «ኡሊብኒስ»፣ «ዛፔክሊስ»። አድማጩ «ኢስ» የሚለውን ድምፅ ሲሰማ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ያውቃል። ግጥሙን በቃሉ ያልያዘ ሰው እንኳን በመጨረሻው ስንኝ ይገባል። የእኛን ተቀባዮች ሥራ እዚያ ግጥሙ ራሱ ደልድሎታል።

ሦስተኛው አንጓ ደግሞ ስማቸው እንደ ቁስል ልብ ላይ የደረቀ ሰዎችን ያስታውሳል፤ ወዲያው ያው የደስታ ስንኝ ይከተላል። ይህ ባይኖር የሽርሽር ዘፈን ሆኖ ይቀር ነበር ባይ ነኝ። የባርዶች ጉባኤ ሟቾቹን ይዞ ነው የሚሰበሰብ፤ በሳማራ አቅራቢያ የሚካሄደው ታላቁ የግሩሺን ፌስቲቫል የተሰየመው በ1967 እ.ኤ.አ. በሳይቤሪያው የኡዳ ወንዝ ልጆችን ሲያድን በሞተው ተማሪ በቫለሪ ግሩሺን ነው። የተጀመረው በዓመቱ በ1968 ሲሆን መድረኩ ውኃ ላይ በጊታር ቅርጽ ይሠራል፤ ሕዝቡ ከፊት ለፊቱ ባለው ተራራ ላይ ተቀምጦ በጭብጨባ ፈንታ የእጅ ባትሪ ያወዛውዛል።

ወደ አጨዋወቱ ስመለስ፣ ዋና ዋናዎቹ ኮርዶች ኤ ማይነር፣ ዲ ማይነር እና ኢ ናቸው። ፍጥነት አትፈልጉለት። ለብቻ ሲሆን ለድምፃችሁ የሚስማማውን ቃና ምረጡ፤ በቡድን ሲሆን ግን ዝቅ አድርጉት፣ የሁሉም ጉሮሮ ይድረስበት። የመጨረሻው ስንኝ ላይ ስትደርሱ ቀኝ እጃችሁን አለስልሱ፤ እዚያ ጊታሩ ከጮኸ ሰው ከመዝፈን ይልቅ ማዳመጥ ይጀምራል።

እስካሁን ሁለቱ አንጓዎች ሳይቆራረጡ ይወጡልኛል። ሦስተኛው ላይ ጣቴ ደህና ነው፣ ምላሴ ነው የሚደናቀፈው። ቀጥሎ የሌላውን ባርድ፣ የዩሪ ቪዝቦርን «ሚላያ ማያ» ልሞክር ነው። እሱ እንደ ዋልትዝ ባለ ሦስት ምት ስለሆነ፣ ለጀማሪ የሚሆን የቀኝ እጅ አመታት ያላችሁ ብታካፍሉኝ።