ለመንቀል መጀመሪያ ወደ ውስጥ ግፉ

ባሕር ዳር ውስጥ ላቫጆ ቤት፣ ጎሚስታ ቤት ወይም ውሃ ማጣሪያ የተገጠመለት ሆቴል ማእድ ቤት ብትገቡ አንድ የተሰነጠቀ ማያያዣ አታጡም። ብዙውን ጊዜ የሰበረው እርጅና ሳይሆን ጉተታ ነው። ተጭነው የሚለቀቁ የጎማና የቱቦ ማያያዣዎች የተሠሩት ሲጎተቱ ይበልጥ አጥብቀው እንዲይዙ ነው። ስለዚህ እየጎተቱ ቁልፉን መጫን ከራስ ጋር መታገል ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ግፊቱን አስተንፍሱ፣ ወንዴውን (ሌላው ውስጥ የሚገባውን ጫፍ) ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉ፣ ቁልፉን ተጫኑ፣ ከዚያ ሳቡ።

በአውራ ጣት የሚጫነው ዓይነት ተፈትቶ ሲታይ ውስጡ ብዙ ነገር የለም። በሴቴው (ወንዴውን በሚቀበለው ክፍል) አፍ ላይ ሞላላ ቀዳዳ ያለው ቀጭን ላሜራ አለ፤ ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ከሥሩ ደግሞ ትንሽ የሽቦ ሞላ ይገፋዋል። ወንዴው ሲገባ ሾጠጥ ያለው አፍንጫው ላሜራውን ገፋ አድርጎ ያልፋል። አንገቱ ላይ ዙሪያውን የተቆረጠው ቦይ ላሜራው ዘንድ ሲደርስ ሞላው ላሜራውን ይመልሰዋል፤ ጠርዙም ቦዩ ውስጥ ጠቅ ብሎ ይቀመጣል። ቁልፉ ሲጫን የቀዳዳው ሰፊ ክፍል ወንዴው ላይ ይመጣና መንገዱ ይከፈታል፣ በቃ። ጠቅ የሚለው ድምፅ ካልተሰማ ወይም ቁልፉ እስከ ቦታው ካልተመለሰ፣ ምንም እንኳ ባያንጠባጥብ፣ አልቆለፈም። ኦሪንጉ (ውስጡ ያለው ማፍሰስ የሚከለክል የላስቲክ ቀለበት) ብቻውን ለጊዜው ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ግፊት ሲመጣ ግን ተወርውሮ ይወጣል።

ቁልፉ "ደረቀ" የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከኋላው ግፊት ስላለ ነው። ኦሪንጉ የሚዘጋው ቀዳዳ ወርዱ 12 ሚሊሜትር፣ የመስመሩ ግፊት ደግሞ 8 ባር ቢሆን ወንዴውን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል 90 ኒውተን ይደርሳል። ይህም 9 ኪሎ ዕቃ ተንጠልጥሎበታል እንደማለት ነው። ጭነቱ በሙሉ የሚያርፈው በዚያ ቀጭን ላሜራ ጠርዝ ላይ ስለሆነ ሰበቃው ላሜራውን ቀርቅሮ ይይዘዋል። በካቻቢቴ እጀታ የሚደበድቡት ሰዎች ሁለት ነገር ይገጥማቸዋል፦ ወይ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል፣ ወይም በድንገት ይለቅና ጎማው ፊት ይገርፋል። የኮምፕሬሰር መስመር ከሆነ ከጋኑ በኩል ያለውን ቧንቧ ዝጉ፣ በሌላው ጫፍ በንፋስ መሙያው በኩል የንፋሱ ድምፅ እስኪቆም አስወጡት። ከዚያ በአንድ እጅ ወንዴውን ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ ስትገፉት ላሜራው ከጭነቱ ነፃ ይሆናል፣ ቁልፉም በቀላሉ ይጫናል።

የላቫጆ ማሽን ማያያዣ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ዓይነት ነው። ትንንሽ የብረት ኳሶች ቦዩ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ የሚንሸራተት ቀለበት ደግሞ ከላይ ይዞ ያስቀራቸዋል። ሕጉ ግን ያው ነው፣ ቁጥሩ ብቻ ያስፈራል፦ በ150 ባር ያው 12 ሚሊሜትር ቀዳዳ ላይ ከ170 ኪሎ ያላነሰ ጭነት አለ። ማሽኑን አጥፍቶ ወዲያው ጎማውን ለመንቀል መሞከር ከንቱ ነው፤ ውሃው በመርጫ ሽጉጡና በማሽኑ መካከል እንደታመቀ ነው። አጥፉ፣ የውሃውን መግቢያ ዝጉ፣ የሽጉጡን ምላጭ ስባችሁ ያስተንፍስ።

ብዙ ብልሽት የሚያመጣው ግን የማጣሪያውና የፍሪጁ ቀጭን ነጭ ቱቦ ነው። እዚህ ላይ የሚጫነው ቁልፍ ሳይሆን ቱቦው የገባበት ቀለበት ነው። ቀለበቱ ወደ ውስጥ የሚዘልቁ ጥፍሮች አሉት፤ በጥፍሮቹ ጫፍ ላይ ደግሞ ቀጫጭን የማይዝግ ብረት ጥርሶች አሉ። ቱቦው ወደ ውጭ ሲሳብ ጥፍሮቹ ወደ ጠባቡ የፊቲንጉ (ቱቦው የሚገባበት ማያያዣ) አፍ ይሳቡና ይነክሱታል። ለማውጣት መስመሩን ዝጉ፣ ቧንቧውን ከፍታችሁ ግፊቱን ጨርሱ። በቀለበቱና በፊቲንጉ መካከል የፈረስ ኮቴ የመሰለ መቆለፊያ ካለ አውጡት። ቱቦውን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉ፣ ቀለበቱን ከሁለቱም ወገን እኩል ተጫኑ፣ ከዚያ ሳቡ። በጣት ጥፍር ከአንድ ወገን ብቻ ከተጫነ ቀለበቱ ያዘነብላል፣ በሌላው ወገን ያሉት ጥርሶችም እንደነከሱ ይቀራሉ። ጣት የማይገባበት ጠባብ ቦታ ከሆነ አፈ ክፍት የ7 ቁልፍ ቱቦውን አቅፎ ቀለበቱን እኩል ይጫናል።

መልሶ ሲገጠም ደግሞ የወጣውን ጫፍ እንዳለ አታስገቡት። ጥርሶቹ የተዉት ጭረት ኦሪንጉ ሥር ሊያርፍ ይችላል፤ ውሃም በዚያ በኩል ያልባል። 2 ሴንቲሜትር ያህል በስለታም ምላጭ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። መቀስ ቱቦውን ያጣምመዋል፤ ጫፉ ክብ ካልሆነ ኦሪንጉን ይቦጫጭረዋል። ለሩብ ኢንች ቱቦ ከጫፉ 15 ሚሊሜትር ገደማ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉና እስከዚያ አስገቡ። መጀመሪያ የሚሰማው መቋቋም ጥርሶቹና ኦሪንጉ ነው፣ መጨረሻው አይደለም፤ እዚያ ላይ ቆሞ "ገባ" ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። ሌላው የተለመደ ጣጣ የመጠን ቅይጥ ነው። ሩብ ኢንች 6.35 ሚሊሜትር ነው፣ የንፋስ መስመር ቱቦ ግን ብዙውን ጊዜ 6 ነው። 6ቱ በሩብ ኢንች ፊቲንግ ውስጥ ገብቶ የያዘ ይመስላል። ሰው ውሃ በማይቀዳበት ሌሊት የመስመሩ ግፊት ሲጨምር ግን ይወጣል፣ ጠዋት ማእድ ቤቱ ኩሬ ሆኖ ይገኛል።

በጣና ዳር በሞተር ለሚያጠጡ ጉዳዩ ለየት ይላል። በበጋ ሐይቁ ሲሸሽ ጎማው ይቀጠላል፤ እያንዳንዱ ቅጥያ ደግሞ አንድ ማያያዣ ነው። በመግፊያው በኩል ያለ ማያያዣ ሲያፈስ ውሃው ይታያል። በመምጠጫው በኩል ያለው ግን ምንም አያንጠባጥብም፣ አየር ይስባል። ምልክቱ ሞተሩ እየጮኸ ውሃው ቆረጥ ቆረጥ ማለቱ፣ በአረፋ መምጣቱ ነው። ሞተሩ እየሠራ እያለ በእያንዳንዱ ማያያዣ ላይ ውሃ አፍስሱ፤ ፍሰቱ ለጊዜው ከተስተካከለ ሌባው እሱ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ራሱ ቀንሷል። በባሕር ጠረፍ 10.3 ሜትር የሚሆነው የመምጠጥ ጣሪያ (ሞተሩ ውሃ ወደ ላይ ሊስብ የሚችልበት ከፍታ) እዚህ በስሌት ከ8 ሜትር ብዙም አይበልጥም፣ በተግባር 5 ወይም 6 ነው። ትንሽ አየር ካስገባችሁ ከዚያም ይወርዳል። ስለዚህ መምጠጫው ላይ ውስጡ ቫልቭ ያለው ፈጣን ማያያዣ አታድርጉ፣ ፍሰቱንም ያንቃል። ሁለት ጆሮ ያለውን በጋስኬት የሚዘጋውን ተጠቀሙ፣ ከተቻለ ደግሞ ጎማውን ከመቀጠል ሞተሩን ወደ ውሃው ማስጠጋት ይሻላል።

ጉማራ፣ ርብና ግልገል ዓባይ የሚያመጡት ደለል ሐይቁ ዳር የሚቀመጥ ስለሆነ ዳርቻው ላይ የተጎተተ ወንዴ ጭቃ ይዞ ይመጣል። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ላሜራውን ግማሽ መንገድ ላይ ታስቆመዋለች፤ አንድ የእምቦጭ ሥር ክር ኦሪንጉ ላይ ከተጋደመ ደግሞ ማፍሰሱ አይቀርም። ክዳን ከሌለው በላስቲክ ጠቅልላችሁ እሰሩት፣ ከማስገባታችሁም በፊት በጀሪካን ባመጣችሁት ንጹሕ ውሃ እጠቡት። ጭቃው ውስጡ ገብቶ ከሆነ ቁልፉን እየተጫናችሁና እየለቀቃችሁ ውሃ አሳልፉበት። ዘይት አታድርጉ። ለውሃ የሚሠሩ ብዙ ኦሪንጎች ኢፒዲኤም ከሚባለው ላስቲክ ናቸው፣ የሞተር ዘይትም ሆነ ባዝሊን ያሳብጣቸዋል፤ ካበጠ በኋላ ወንዴው አልገባም አልወጣም ይላል። ለንፋስና ለዘይት የሚሆነው ናይትራይል የሚባለው ላስቲክ ነው። ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ጥቁር ስለሆኑ በዓይን አይለዩም። ሲሊከን ግሪስ ለሁለቱም ይሆናል፤ የምስር ፍሬ ታህል ይበቃል።

የንፋስ ማያያዣ ስትገዙ ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። በጃፓኑ ዓይነት ላይ ኤስ ሴቴው፣ ፒ ወንዴው ነው። ተከትሎ የሚመጣው ኤች ጎማ የሚገባበት፣ ኤም የሚጠመዘዝ የውጭ ጥርስ፣ ኤፍ የውስጥ ጥርስ ያለው ማለት ነው። 20፣ 30 እና 40 የጎማውን ወይም የጥርሱን መጠን ይናገራሉ፤ ወንዴና ሴቴ የሚገናኙበት አፍ ግን በሦስቱም አንድ ስለሆነ ይጋጠማሉ። የሌላ አገር ቅርጽ ያለው ወንዴ ግን መስሎ ገብቶ ላይቆልፍ፣ ቆልፎም ሊያፍስ ይችላል። አሮጌውን ወንዴ ይዛችሁ ሂዱና ባለሱቁ ፊት አስገብታችሁ፣ ጠቅ ሲል ሰምታችሁ፣ ሳብ አድርጋችሁ ፈትኑ። እዚያው ካልያዘ ሁለቱንም ወገን አዲስ ግዙ።