ጋቢ ፍለጋ ወደ ቱሉ ጉዶ

ጎማችን የተነፈሰው መቂ ልንገባ ትንሽ ሲቀረን ነው። ተለዋጩን ባወጣው እሱም ነፋስ የለውም። ሳምንቱን ሙሉ "መኪናዋን አስፈትሽ" ሲለኝ የከረመው ጓደኛዬ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሐብሐብ ሻጮቹ ዳስ ሥር ተቀምጦ እየበላ ዝም ብሎ ያየኛል። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

ዝዋይ፣ የዛሬዋ ባቱ፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነች። ለቁርስ እንደርሳለን ያልነው ሰዎች ሐይቁ ዳር የደረስነው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ባለጀልባው ውሃውን አየና ራሱን ነቀነቀ። "ከሰዓት ነፋስ አለ። ነገ በጠዋት።" አደርን። ለብለብ በላን፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ ትራፊ ሲሻሙ አየን፣ ተኛን።

በማግስቱ ሐይቁ እንደ መስታወት ነበር። ከአምስቱ ደሴቶች ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። በዮዲት ጉዲት ዘመን ካህናት ታቦተ ጽዮንን ከአክሱም ይዘው ሸሽተው ለ70 ዓመት ያቆዩት እዚህ ነው ይባላል። እኔን ያመጣኝ ግን ጋቢ ነው። ሸማ ሲባል ሁላችንም ሽሮ ሜዳንና የጋሞ ሸማኔዎችን ነው የምናስበው። የደሴቶቹ የዛይ ሰዎችም ከዓሣው፣ በእርከን ከተሠራው እርሻ ጎን ለጎን ሸማኔ ናቸው። ይህን ካወቅሁ ገና ዓመት አልሞላኝም።

ሽማግሌው ሸማኔ ከሸማ መሥሪያቸው ሥር በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ሰደው ተቀምጠዋል። በእግር ጣታቸው የያዙትን ገመድ ሲረግጡ ድሩ፣ የቁመቱ ክር፣ አፉን ይከፍታል፤ መወርወሪያው ከቀኝ እጅ ወደ ግራ ሾልኮ ያልፋል። ከዚያ ጧ! ማጉን፣ የአግድሙን ክር፣ ወደ ራሳቸው ይመቱታል። ደግሞ ሌላው እግር። የሸማው ስፋት እጃቸው እስከሚደርስበት ድረስ ብቻ ነው። ጋቢ መሃሉ ላይ ስፌት ያለው ለካ ለዚህ ነው! ስንት ዓመት ለብሼ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም።

"አባባ፣ ክሩ ከየት ነው?"

"ድሩ የፋብሪካ ነው ልጄ። ማጉ የእሷ።"

"እሷ" በሩ ላይ ተቀምጠው ይፈትላሉ። እጃቸው ላይ ያለችው የባዘቶ (የተነደፈ ጥጥ) ቁራጭ እንደ ጭስ ሳስታ ክር ትሆናለች። እንዝርቷ ጭናቸው ላይ ሸርተት ትልና አየር ላይ ትሾራለች። ልሞክር አልኩ። ሦስት ጊዜ በጠስኩት። እማማ ለባለቤታቸው በዛይኛ የሆነ ነገር አሏቸው፣ ሁለቱም ሳቁ። ዛይኛ የስልጤኛና የአደርኛ ዘመድ ነው፤ እኔ ግን አንድ ቃል አልያዝኩም። መተርጎምም አላስፈለገውም።

ያለቀ ጋቢ አልነበራቸውም። ማዘዝ ነው።

"መቼ ይደርሳል?" አልኳቸው ሽማግሌውን።

በአገጫቸው ወደ በሩ ጠቆሙኝ። "እሷን ጠይቅ። እኔ ክር ካገኘሁ ቀናት ነው።"

እማማ እንዝርታቸውን አላቆሙም። "ለማን ነው?"

"ለእናቴ።"

"ብርድ ይበረታባታል?"

"አዎ፣ ጉልበቷን።"

"እንግዲያው ማጉን ወፈር አደርገዋለሁ። አታስቸኩለኝ።"

ዋጋ ልከራከር አስቤ ነበር፤ ጎማ ላይ ካወጣሁት ገንዘብ በኋላ መቼም ሰው አይፈርድብኝም። ግን ያቺ ልቃቂት አንድ ሰዓት ሙሉ ስትፈተል እያየኋት ከሎሚ አልበለጠችም። አፌን ዘግቼ ቀብድ ሰጠሁ። ባለጀልባው "ነፋስ ሳይነሳ!" እያለ መጣራት ጀምሯል። ስልክ ቁጥሬን እሱ ጋ ተውኩ፤ ሲደርስ ሊደውልልኝ።

እስካሁን አልደወለም። ተለዋጩን ጎማ ግን ነፋስ አስሞልቼዋለሁ።