ልጄን ከግብፅ ጠራሁት

እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናቱም ትመስገን። አሁንም ስጽፈው እጄ ይንቀጠቀጣል።

እናቴ ያረፈችው በአስም ነው፣ በሌሊት፣ ሐኪም ቤት ሳንደርስ መንገድ ላይ። ከዚያ ወዲህ ከእግዚአብሔር ጋር ተኳርፌ ነበር። ሥዕሉ ፊት ቆሜ «ለሷ ያልደረስክ ለማን ልትደርስ ነው?» ብዬዋለሁ። ቅዳሴ አልቀረሁም፣ ግን ልጸልይ ስል የሚወጣኝ ንዴት ብቻ ነበር። ዓመታት እንዲሁ አለፉ።

እናቴ በሕይወት ሳለች የእመቤታችንን የስደት መንገድ ረግጣ ማየት ትመኝ ነበር። እኔም ለሷ ብዬ ስደቷ በሚታሰብበት በወርኃ ጽጌ ብቻዬን ግብፅ ሄድኩ። ገዳመ አስቄጥስን፣ ማታሪያ ያለችውን የእመቤታችንን ዛፍ፣ በአሮጌዋ ካይሮ አቡ ሰርጋ ቤተ ክርስቲያን ሥር ያለውን ዋሻ ተሳለምኩ። መጨረሻዬ በአስዩት በኩል ያለችው፣ እመቤታችን በስደቷ ያረፈችባት የደብረ ቁስቋም ገዳም ነበረች፣ ኅዳር 6፣ በበዓሏ ዕለት። ኢሳይያስ «በግብፅ ምድር መካከል ለእግዚአብሔር መሠዊያ ይሆናል» ያለው የዚህን ገዳም መንበር ነው ይላሉ ግብፃውያን አባቶች። ድሮ የእኛም መነኮሳት ኖረውበታል። እዚያም ቆሜ ግን አልጸለይኩም። ለእናቴ ሻማ አብርቼ ወጣሁ።

ማታ ከአስዩት ወደ ካይሮ ባቡር ያዝኩ። በማግስቱ ማታ በረራዬ ነው። ቀኑን ሙሉ በሕዝብ መሐል አቧራ ስጠጣ ውያለሁ። ማላዊን እንዳለፍን ደረቴ ይጠብ ጀመር። የአስም ስፕሬዬን ሳብኩ፣ ትንሽ ሻል አለኝ። ሚንያ ሳንደርስ ብሶ መጣ። ስጫነው ባዶ ነው፤ አራገፍኩት፣ ደግሜ ተጫንኩት፣ ምንም።

አስም ያለበት ያውቀዋል፣ የሳብከው አየር አልወጣ ይልሃል። ትከሻዬ ጆሮዬ ድረስ ወጣ። የደረቴ ፉጨት ከባቡሩ ድምፅ በላይ ይሰማኛል። ከንፈሬ ደነዘዘ። በአረብኛ የማውቀው «ሹክራን» ብቻ ነው፣ እሱንም ማውጣት አልቻልኩም። እናቴም እንዲህ ነበር የሆነችው። ያኔ ንዴቴ ገነፈለና በልቤ «ከደጅሽ እየመጣሁ?» አልኳት እመቤታችንን። «ካተረፍሽኝ ጃንጥላ አስገባልሻለሁ፣ ያደረግሽልኝንም እናገራለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ከዚያ ሌላ ቃል አልመጣልኝም፤ ኪርያላይሶን ብቻ፣ እንደ ሰሙነ ሕማማት፣ ትንፋሽ በተገኘ ቁጥር አንድ፣ ትንፋሽ በተገኘ ቁጥር አንድ።

ከፊት ለፊቴ ልጇን ጭኗ ላይ ያስተኛች ሴት ቀና አለች። አየችኝ። ልጁን ለባሏ ወርወር አድርጋ ሰጥታ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ዘረገፈችው። ዳይፐር፣ ብስኩት፣ የልጅ ካልሲ፣ ከዚያ ሰማያዊ ስፕሬይ፣ ጭንብል ካለው የፕላስቲክ ቱቦ ጋር! ልጇ አስም አለበት! ስንት ፉርጎ፣ ስንት ወንበር ባለበት ባቡር እኔ እሷ ፊት ለፊት ነው የተቀመጥኩት። ጭንብሉ የሕፃን ስለሆነ አፌን ብቻ ነው የሸፈነው፣ ዙሪያውን በመዳፏ አፈነችልኝ። እየተጫነች በጣቷ ትቆጥርልኛለች፣ እኔም በጣቷ ልክ እስባለሁ። አንጓዋ ላይ የተነቀሰችው መስቀል ዓይኔ ሥር ነበር። ሌላ ነገር አላየሁም።

ቤኒ ሱዌፍ ስንደርስ ማውራት ቻልኩ።

ካይሮ ሲነጋ ብቻዬን አልተዉኝም። ባልና ሚስት ክሊኒክ ወሰዱኝ፣ ኦክስጅን ተሰጠኝ፣ ሐኪሙ እስከ ከሰዓት አቆይቶ መብረር ትችያለሽ አለኝ። ገንዘብ ላወጣ ስል እጄን ያዘችው። እህቴ፣ ስምሽን እዚህ አልጽፍም፣ እመቤታችን ታውቅሻለች። ልጅሽን በጤና ታሳድግልሽ።

ማታ አውሮፕላኑ ሲነሳ «ልጄን ከግብፅ ጠራሁት» የሚለው የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል መጣብኝ፣ አለቀስኩ፣ ጎኔ ያሉት ሰውዬ ደንግጠው መሐረብ ሰጡኝ። የእናቴ ነገር ዛሬም አልገባኝም። እጠይቀዋለሁ። ግን አሁን ተኳርፈን አይደለም፣ እየተነጋገርን ነው።

ጃንጥላውን ሽሮ ሜዳ ላለችው ቁስቋም ማርያም አስገብቻለሁ። የቀረኝ ይህ ምስክርነት ነበር።