ሽታው የጠፋ ጊዜ

አዳማ ለማስተርሴ ፒች ሳከስል የከረምኩበት ዓመት ነው። ከድንጋይ ከሰል ታር የሚገኘውን ጥቁር ፒች ማለቴ ነው። ሲሞቅ እንደ ማር ይወርዳል፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። አየር በሌለበት ስታግለው ግማሽ ሊሆን ትንሽ የቀረው ክፍሉ በጋዝና በጭስ ይሄዳል፤ የተረፈው ካርቦን ይሆናል። እኔን ያስጨነቀኝ ያ የሚሄደው ነበር።

መፍትሔው ድኝ ነው። ድኝ ከፒቹ ሃይድሮጅን እየነጠቀ ሞለኪውሎቹን እርስ በርስ ያያይዛል። የሚያመልጠው ይቀንሳል፣ የሚተርፈው ካርቦን ይጨምራል። የተነጠቀው ሃይድሮጅን ግን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሆኖ ይወጣል። መርዝ ነው። ሁድ፣ ማለትም ጋዝና ጭስ በማራገቢያ ስቦ ወደ ውጭ የሚያወጣ የላብራቶሪ ሳጥን፣ ስላለን ብዙም አላሳሰበኝም።

አንድ ከሰዓት 100 ግራም ፒች ከ10 ግራም ድኝ ጋር ፈጭቼ ፈርነስ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ምድጃችን፣ ውስጥ አስገባሁ። ሙቀቱ 250 ዲግሪ እንዳለፈ መብራት ጠፋ። ፈርነስ መብራት ስለጠፋ ወዲያው አይበርድም። አየር እንዳይገባ በፈርነሱ ቱቦ የምንለቀው ናይትሮጅንም ከሲሊንደር ስለሚመጣ መብራት አይፈልግም፤ ጋዙን ከቱቦው እየገፋ ማውጣቱን ቀጠለ። የቆመው የሁዱ ማራገቢያ ብቻ ነው።

የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ክፍሉን ሞላው። በባትሪ የሚሠራውን ቴርሞሜትር ይዤ በየደቂቃው ሙቀቱን እጽፋለሁ። ናሙናው እንዳይባክን ነው። የላብራቶሪ ረዳታችን በሩን ከፈቱ። ትልቅ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው።

«ውጣ!»

«መጣሁ እትዬ፣ ሁለት ደቂቃ። ሽታው እኮ ጠፍቷል።»

ፊታቸው ልውጥ አለ።

«የጠፋው አፍንጫህ ነው! ተነስ!»

የጋውኔን እጅጌ ይዘው እየጎተቱ አወጡኝ። በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ደብተሬ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ቀረ። ዛፉ ጥላ ሥር ስንቀመጥ ራሴን ይወቅረኝ ነበር። እትዬ እዚህ ከመምጣታቸው በፊት ሞጆ አንድ ቆዳ ፋብሪካ ሠርተዋል። የቆዳ ፀጉር የሚያራግፈው ኬሚካል ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ያው ጋዝ ይወጣል።

«አንድ ጎረምሳ ጉድጓድ ሊያጸዳ ገባ» አሉኝ። «ሽታ የለም ብሎ ነው የገባው።» ከዚያ በኋላ ዝም አሉ። እኔም አልጠየቅኩም።

ማታ አነበብኩ። ጋዙ በሚሊዮን 100 እጅ አካባቢ ሲደርስ አፍንጫ በደቂቃዎች ውስጥ ይደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ብዬ ደስ ያለኝ ለዚህ ነበር።

በማግስቱ ከፈርነሱ የወጣውን የካርቦን ቁራጭ በመጋዝ ከፈልኩት። ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን ተበሳስቷል፤ ጋዙ እያበጠ የወጣበት ነው። ቀጣዩን በደቂቃ 1 ዲግሪ ብቻ እየጨመርኩ አሞቅኩ፤ ቀዳዳው በጣም ቀነሰ። የካርቦኑ መጠን በእርግጥ ጨምሯል። አማካሪዬ ቁጥሩን አይተው ተደሰቱ፤ ስለ ማራገቢያው የጠየቀኝ የለም። የሚወጣውን ጋዝ፣ መርዙን ይዞ እንዲያስቀር፣ በኮስቲክ ሶዳ ውሃ ውስጥ ማሳለፍ የጀመርኩት እትዬ ካልሆነ አላጸዳም ስላሉኝ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፌ ምስጋና ላይ አማካሪዬ አሉ፤ ትምህርት ክፍሉ አለ፤ ናይትሮጅን ያበደሩን ልጆችም አሉ። እትዬ የሉም። ያንን ከሰዓት በተመለከተ የሰፈረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «በመብራት መቋረጥ ምክንያት ሙከራው ተደግሟል» ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጥራዙ ዛሬም ቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ አለ።