አራት ኪሎ ላይ ሕገ መንግሥት ስናሻሽል

«ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» እየተባለ ያደገን ልጅ «ና፣ ስለ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ እንወያይ» ማለት ቀላል አይደለም። እኔ ግን ከአራት ኪሎ ብዙ በማይርቅ አዳራሽ የሰፈር ወጣቶችን እየሰበሰብኩ ይህንኑ ሳደርግ ከርሜያለሁ። አዳራሽ ስላችሁ ትልቅ እንዳይመስላችሁ። ወንበር ያላገኘ መስኮት ላይ ይቀመጣል። በየሰፈራችሁ ልትሞክሩት የምታስቡ ካላችሁ፣ እንዴት እንደሄደ ልንገራችሁ።

ነገሩን የቀሰቀሰው የምክክሩ ወሬ ነው። የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን በ2014 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1265 ከተቋቋመ ወዲህ «ይሻሻል» እና «አይነካ» የሚለው ክርክር ታክሲ ውስጥ ሳይቀር አለ። የሰፈሬ ወጣቶች ግን በቁጥር የሚጠሩት አንቀጽ አንድ ብቻ ነበር፤ «እስከ መገንጠል» የሚለው 39። እሱንም ያነበበው ጥቂት ነው። ሌሎቹ 105 አንቀጾች ባለቤት አልነበራቸውም።

ሰው መሰብሰቡ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ቴሌግራም ላይ ጥሪ ብትለጥፉ የሚመጣው ያው ሁሌም የሚመጣው ነው፤ የሕግ ተማሪና የክርክር ክበብ አባል። ጎበዞች ናቸው፣ ግን ያለ እኔም ይወያያሉ። ስለዚህ ጆተኒ ቤት ሄድኩ። ታክሲ ተራ ሄድኩ። ሞባይል የሚጠግኑትን ልጆች አናገርኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ «አበል አለው?» ነው። አልፈርድባቸውም፤ ስብሰባ ማለት አበልና የታሸገ ውሃ መሆኑን ያስለመድናቸው እኛ ትልልቆቹ ነን። «አበል የለም፣ ሻይና ቦምቦሊኖ አለ» አልኳቸው። ግማሹ ሳቀብኝ፤ ግማሹ መጣ።

ሁለተኛው ጥያቄ ከበድ ይላል። «ፎቶ ይነሳል? ስም ይመዘገባል?» ሁለቱም የለም አልኩ። ፈቃድ የጠየቅኩበት ቢሮ በበኩሉ የተሳታፊዎች ዝርዝር ካላመጣህ አለኝ። የራሴን ስምና የምናነበውን ሰነድ ሰጠሁ። ብዙ ከተመላለስኩ በኋላ በዚያ ተስማማን። ስልክ ቁጥር የሚሞላበት ወረቀት ክፍሉ ውስጥ ከዞረ፣ ተናጋሪው ልጅ እንኳ «እኔ አስተያየት የለኝም» ይላል።

ሴቶቹ ቅዳሜ ከሰዓት አይመጡም ነበር። ምክንያቱ ፖለቲካ አይደለም፤ የቤት ሥራ ነው። ወደ እሑድ ከሰዓት ስናዞረው መጡ። አንደኛዋን ተከትለው አያቷም መጡ፤ «ልጄ፣ ይቺን ልጅ ምን ውስጥ ልትከታት ነው?» ብለው። የሕገ መንግሥቱን ጥራዝ ሰጥቼ ወንበር አቀረብኩላቸው። ሲሰሙ ቆይተው በ1978 ዓ.ም የደርግ ረቂቅ ሕገ መንግሥት በየቀበሌው ሲነበብ የሆነውን አወሩ። «እጅ አውጡ ሲሉን እናወጣለን። ምን እንደተነበበልን እንጃ» አሉ። ወጣቶቹ ሳቁ። እኔ ግን የአወያይነት ሥልጠና የተሰጠኝ ያኔ መሰለኝ።

ዋናው ነገር ይኼ ነው፦ «ምን ይሰማችኋል?» ብዬ አልጠይቅም። እንዲህ ከጠየቃችሁ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ክርክሩ ስለ ብሔር ይሆናል፣ በአስር ደቂቃ ውስጥ ስለ አንተ አባትና ስለ እኔ አባት። በእኛ ቤት ሕጉ ሌላ ነው። መጀመሪያ አንቀጹ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ንዑስ አንቀጽ በንዑስ አንቀጽ፣ እየተቀባበሉ። ስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ልጅም በዚህ መንገድ ከሕግ ተማሪው እኩል ይይዘዋል። ከዚያ የሚቀየር ነገር አለ ያለ ሰው ሐሳቡን እንደ አንቀጽ አድርጎ ይጽፋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «ሁሉም እኩል ይሁን» ብሎ መጮህ ቀላል ነው፤ ማን፣ በምን ጉዳይ፣ ማን ሲወስን ብሎ መጻፍ ግን ላብ ያስወጣል።

ሁለተኛው ዘዴ ሕገ መንግሥቱ እንዴት እንደሚሻሻል የሚናገሩትን አንቀጽ 104ን እና 105ን እንደ ጨዋታ መጫወት ነው። በየወንበሩ ላይ የክልል ስም የተጻፈ ወረቀት እናስቀምጣለን። እዚህ ላይ አንዱ ልጅ «ጥራዜ ላይ ያሉት ክልሎች ዘጠኝ ናቸው፣ ወንበሩ ለምን አሥራ ሁለት ሆነ?» አለ። አንቀጽ 47 በስም የሚዘረዝረው ዘጠኝ ነው። ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014፣ ቀሪው ደቡብ ደግሞ በ2015 ዓ.ም ለሁለት ተከፍሎ ነው አሥራ ሁለት የሞላው። አንቀጹ ራሱ አዲስ ክልል እንዲመሠረት በር ስለከፈተ፣ ዝርዝሩ ሳይነካ ካርታው ተቀየረ። የዚያን ቀን ሌላ ነገር አላነበብንም።

ወረቀቱ ከተቀመጠ በኋላ የድምፅ ቆጠራው ይጀመራል። አንቀጽ 39 እና የመሬት ጉዳይ ያለበት አንቀጽ 40 ምዕራፍ ሦስት ውስጥ ናቸው። ምዕራፍ ሦስትን ለማሻሻል ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ መስማማት አለባቸው፤ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶችም (የተወካዮችና የፌዴሬሽን) እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ። አንድ ወንበር እምቢ ካለ አለቀ። «39ኝን ሰርዙት» ብሎ ሲጮህ የነበረው ልጅ ተነስቶ አንዲት «እምቢ» ያለች ክልልን መለመን ጀመረ። ልጅቷም «በምትኩ ምን ትሰጠኛለህ?» አለችው። አየር ላይ ሲጣሉ የነበሩት ሁለቱ ስለ ዋስትና፣ ስለ ቋንቋ፣ ስለ በጀት ሲደራደሩ አመሹ። አልተስማሙም። እኔ ደግሞ የጋራ መግባባት ላይ እንዲደረስ ብዬ አላስቸኩልም።

የሌሎቹ ምዕራፎች መንገድ ትንሽ ይቀላል። ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ፣ ከክልሎችም ሁለት ሦስተኛው፤ ማለት ስምንት ወንበር። ይህን ስንቆጥር ነው አንዷ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አይታ «የአዲስ አበባ ወንበር የታለ?» ያለችው።

የለም። አዲስ አበባ ክልል አይደለችም፤ ምክር ቤቷም በአንቀጽ 105 ቆጠራ ውስጥ አይገባም። የከተማዋ ሰው ድምፅ የሚሰማው በተወካዮች ምክር ቤት ባሉት 23 መቀመጫዎች በኩል ነው። ፓርላማውን በእግር ጥቂት ደቂቃ ርቀት ላይ ይዞ ይህን መስማት ልጆቹን አንገበገባቸው። ከዚያ ቀን በኋላ የሚመጣው ሰው በዛ። በእኔ እምነት ወጣት የሚሳተፈው «አገርህ ነው» ሲባል ሳይሆን ራሱን ከቆጠራው ውጪ ሲያገኘው ነው። ከ18 ዓመት በታች ያሉት ደግሞ አንቀጽ 103 ሕዝብ በየአሥር ዓመቱ ይቆጠር እንደሚል ሲያነቡ የበለጠ ተናደዱ። የመጨረሻው ቆጠራ በ1999 ዓ.ም ነው፤ እነሱ አልተወለዱም።

ባለሙያ ስለ መጋበዝ ትጠይቁኝ ይሆናል። ብዙም አልወድም። አንድ የሕግ ሰው መጥቶ ያለማቋረጥ ካስተማረ፣ ወጣቶቹ ወደ ተማሪነታቸው ይመለሳሉ። ቢመጣ ጥግ ይቀመጥና ሲጠየቅ ብቻ ባጭሩ ይመልስ።

ስለ አዲስ አበባ የሚናገረው አንቀጽ 49 ላይ ነገሩ መጋሉ አልቀረም። ንዑስ አንቀጽ 5 ኦሮሚያ በከተማዋ ላይ ያላትን ልዩ ጥቅም ይጠብቃል፤ ዝርዝሩን ለሕግ ይተዋል። ቤታቸው ኦሮምኛ የሚናገሩ ልጆች አሉን፤ ሲነሳ ፊታቸው ተለዋወጠ። ያረጋጋን ቃሉን ደግሞ ማንበብ ነበር፤ አገልግሎት፣ የተፈጥሮ ሀብት፣ የጋራ አስተዳደራዊ ጉዳዮች ይላል። እያንዳንዱን ይዘን «ይኼ ለውሃ ምን ማለት ነው? ለቆሻሻስ?» እያልን ሄድን።

በመጨረሻ ሁለት ረቂቅ ወጣ። አንደኛው አዲስ አበባን ክልል ያደርጋል። ሁለተኛው ለፌዴራል ያላትን ተጠሪነት እንዳለ ትቶ ምክር ቤቷን በ105 ቆጠራ ያስገባል፤ ንዑስ አንቀጽ 5ን አይነካም። ሁለቱንም በንጹሕ ገልብጠው ለምክክር ኮሚሽኑ በደብዳቤ ሊያስገቡ ወስነዋል። ስም አይመዘገብም ብዬ ያመጣኋቸው ልጆች ግን ደብዳቤው ላይ ማን ይፈርም በሚለው እስካሁን እየተከራከሩ ነው።